ማን ተጠቀመ?

ሰውየው እራት ተጋብዞ አምሽቶ ወደ ማደሪያው እየተመለሰ ነበር። ከተማው ሮማ ነው፤ ሰፈሩ ከካፒቶል ኮረብታ ብዙም የማይርቀው፣ የፓላሲና መታጠቢያ ቤቶች ያሉበት አካባቢ። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 81 ዓመት፤ ጊዜው ጀምበር ጠልቃ የሌሊቱ የመጀመሪያ ሰዓት እንዳለፈ። በዚያን ዘመን ሮማ የመንገድ መብራት አታውቅም፤ ሌሊት የሚዞር ፖሊስም የላትም። ስለዚህ ባለጠጋ ሰው ሲመሽበት ባሮቹን አስከትሎ ነበር የሚንቀሳቀስ። ይህም ሰው ሁለት ባሮች አብረውት ነበሩ። ግን አላዳኑትም። በስለት ተወግቶ እዚያው ቀረ።

ሟቹ ሴክስቱስ ሮሲዩስ ይባላል። የሮማ ልጅ አይደለም፤ በስተሰሜን፣ ኡምብሪያ በተባለው አገር የምትገኘው የአሜሪያ ሰው ነው። (ከተማዋ ዛሬም አለች፤ አሜሊያ ትባላለች።) ሮሲዩስ በትንሽ ከተማ የሚኖር ትልቅ ሰው ነበር። አብዛኞቹ በቲበር ወንዝ ዳር የተዘረጉ 13 እርሻዎች ነበሩት፤ ዋጋቸውም 6 ሚሊዮን ሴስተርስ ይገመት ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው «ፈረሰኛ» ከሚባለው የባለጠጎች መደብ ለመቆጠር 400,000 ሴስተርስ ይበቃው እንደ ነበረ ስናስብ፣ የሰውየው ሀብት ምን ያህል እንደ ነበር ይገባናል። ወዳጆቹም እንደ ሀብቱ ነበሩ፤ ሜቴሎች፣ ሰርቪሊዎችና ስኪፒዮዎች፣ ማለትም የሮማ ታላላቅ ቤተሰቦች፣ እንደ ቤተሰብ ያስገቡትና ያስወጡት ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበልልን። ሰውየው የተገደለው ሮማ ነው። ቤተሰቡ ያለው አሜሪያ ነው። በመካከሉ ያለው ርቀት 56 የሮማ ማይል፣ በእኛ አቆጣጠር 83 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ የሞቱ ወሬ አሜሪያ ደርሶ ነበር! ማሊዩስ ግላውሲያ የሚባል፣ አርነት የወጣ የቀድሞ ባሪያ፣ ፈረስ እየለዋወጠ በቀላል ሠረገላ 10 የሌሊት ሰዓት ሙሉ ጋልቦ ነው ያደረሰው። እንዲህ ያስቸኮለው ምን ይሆን? ከዚህ የሚገርመው ደግሞ ወሬውን የነገረው ለማን እንደ ሆነ ነው። ለልጁ አልነገረም። ለሚስቱም አልነገረም። በቀጥታ የሄደው ወደ ሟቹ ዘመድና ጠላት፣ ወደ ቲቱስ ሮሲዩስ ካፒቶ ቤት ነበር።

እዚህ ላይ አራት ሮሲዩሶች ስላሉብን እንዳይምታቱ እንለያቸው። አንደኛው ሟቹ አባት ነው። ሁለተኛው ልጁ ነው፤ እንደ አባቱ ሴክስቱስ ይባላል፤ ዕድሜው 40ን አልፏል፤ ኑሮው ከእርሻ ላይ ነው። ሦስተኛው አሁን የጠቀስነው ካፒቶ ነው። አራተኛው ቲቱስ ሮሲዩስ ማግኑስ ነው፤ እሱም ዘመድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሮማ ነበር የሚውለው። ካፒቶና ማግኑስ ከሟቹ ጋር በርስት ጉዳይ ሲካሰሱ የኖሩ ናቸው። ያ በሌሊት የጋለበው ግላውሲያ ደግሞ የማግኑስ ደጅ ጠኚና የቅርብ ሰው ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመረዳት የዘመኑን መልክ ማወቅ ያስፈልጋል። ሮማ ከአንድ አስከፊ የእርስ በርስ ጦርነት ገና መውጣቷ ነበር። ያሸነፈው ሉሲዩስ ኮርኔሊዩስ ሱላ ነው። ሱላ በ82 ከተማይቱን ከያዘ በኋላ የአምባገነንነት ሥልጣን ተሰጥቶት ጠላቶቹን የሚያጠፋበት አዲስ ዘዴ አመጣ፤ የስም ዝርዝር ጽፎ በአደባባይ መለጠፍ። ስሙ እዚያ ላይ የወጣ ሰው ያለ ፍርድ ሊገደል ይችላል፤ ንብረቱ ይወረሳል፤ በሐራጅ ይሸጣል፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ሹመት አያገኙም። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው በመጀመሪያው ቀን 80 ሰዎች ወጡ፤ አንድ ቀን አሳልፎ 220 ተጨመሩ፤ ቀጥሎም ያንኑ ያህል። አፒያን የተባለው ታሪክ ጸሐፊ 40 የሴኔት አባላትንና 1,600 ፈረሰኞችን ይቆጥራል። ለገዳይ ሽልማቱ 2 ታለንት ብር ነበር። ጌታውን የገደለ ባሪያም ሆነ አባቱን የገደለ ልጅ ይህንኑ ሽልማት ይቀበላል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ዝርዝሩ በፖለቲካ ጀምሮ በርስት አለቀ። ፕሉታርክ የሚያወራው አንድ ታሪክ አለ። ኩዊንቱስ አውሬሊዩስ የሚባል፣ በፖለቲካ እጁን ያላስገባ ጨዋ ሰው፣ የሌሎችን መከራ ሊያነብብ ወደ አደባባይ ወጥቶ ሲያይ የራሱን ስም አገኘው። ያሳደደኝ አልባ ያለው ርስቴ ነው ብሎ ዘወር ሲል፣ ጥቂት እርምጃ ሳይሄድ ተከትሎት የነበረ ሰው ገደለው።

ይሁንና ይህ ሁሉ ሮሲዩስን የሚነካው አልነበረም። እሱ የሱላ ወገን ነበር። በዚያ ላይ ዝርዝሩ የሚዘጋበት ቀን በሕግ ተወስኖ ነበር፤ ሰኔ 1 ቀን 81፣ በሮማውያን አቆጣጠር። ከዚያ በኋላ ስም መጨመርም ሆነ ንብረት መሸጥ ተከልክሏል። ሮሲዩስ የተገደለው ከዚያ ቀን በኋላ ጥቂት ወራት ቆይቶ ነው።

በተገደለ በ4ኛው ቀን ወሬው ቮላቴሬን ከብቦ ከነበረው ከሱላ ሰፈር ደረሰ። የሰማው ግን ሱላ አልነበረም፤ ክሪሶጎኑስ ነበር።

ክሪሶጎኑስ ማለት በግሪክኛ «ከወርቅ የተወለደ» ማለት ነው፤ ስም ይመራዋል ማለት ይኼኔ ነው። የሱላ ባሪያ የነበረ፣ አርነት ወጥቶ የጌታው ባለሟል የሆነ፣ በአጭሩ የቀኑ ባለጊዜ ነው። በፓላቲን ኮረብታ ላይ ቤት ነበረው፤ ቤቱም ከቆሮንቶስና ከዴሎስ በመጡ የነሐስ ዕቃዎች የታጨቀ ነበር። በቅርቡ የገዛው አንድ የምግብ ማብሰያ ዋጋው በጨረታ ሲጠራ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሰምቶ እርሻ የሚሸጥ መስሎት ነበር ይባላል። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች እንደሚባለው፣ ክሪሶጎኑስም ማንንም አይፈራም ነበር።

የተዘጋው ዝርዝር ተከፈተና የሞተው ሰው ስም ገባበት። የ6 ሚሊዮኑ ሴስተርስ ርስት ለሽያጭ ቀረበ። ገዢው ክሪሶጎኑስ ነው፤ ዋጋውም 2,000 ሴስተርስ! ስሕተት አይደለም፤ ሁለት ሺህ ነው። ከ13ቱ እርሻዎች ምርጦቹን ሦስቱን ካፒቶ ወሰደ። በቀሩት በ10ሩ ላይ ማግኑስ የክሪሶጎኑስ ወኪል ሆኖ ተሾመ። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለውን የእኛን ተረት ባይሰሙትም፣ የሠሩት ይህንኑ ነው። ማግኑስ ገና የአባቱን የቀብር ሥርዓት አድርሶ ያልጨረሰውን ልጅ ከቤቱ አስወጣው።

የአሜሪያ ሰዎች ግን ዝም አላሉም፤ ይህም የሚያስመሰግናቸው ነው። የከተማይቱ ሸንጎ 10 ታላላቅ ሰዎችን መርጦ፣ ሱላ ዘንድ ቀርበው ሟቹ ማን እንደ ነበረ እንዲያስረዱና ስሙ እንዲፋቅለት እንዲለምኑ ላከ። ከ10ሩ አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ካፒቶ! መልእክተኞቹ ሰፈሩ ሲደርሱ ክሪሶጎኑስ በትሕትና ተቀበላቸው፤ ስሙን አስፍቃለሁ፣ ርስቱንም ለልጁ አስመልሳለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ካፒቶም ዋስ ሆነ። መልእክተኞቹ ሱላን ሳያዩት ወደ አገራቸው ተመለሱ። የሆነ ነገር ግን የለም። ዛሬ ነገ ሲባል ቆየ። ልጁም ሕይወቱ እንደምትፈለግ ሲረዳ ወደ ሮማ ሸሽቶ ሴሲሊያ ሜቴላ የምትባል የአባቱ ወዳጅ የነበረች ታላቅ እመቤት ቤት ተጠጋ። እሷም አስጠጋችው።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ ዓይን ያወጣው። ልጁን በስለት ማግኘት ሲያቅታቸው በሕግ መጡበት። አባትህን የገደልከው አንተ ነህ ብለው ከሰሱት።

በሮማውያን ዘንድ አባትን መግደል ከወንጀል ሁሉ የከፋ ነበር፤ ቅጣቱም ለብቻው ነው። ወንጀለኛው ከነሕይወቱ በቆዳ ጆንያ ውስጥ ተሰፍቶ ውኃ ውስጥ ይጣላል። በኋላ ዘመን የተጻፉ ምንጮች አብረውት ውሻ፣ አውራ ዶሮ፣ እፉኝትና ጦጣ ይከተቱ እንደ ነበር ያወራሉ፤ በዚህ ችሎት ግን የሚጠቀሰው ጆንያው ብቻ ነው። ቅጣቱም ተረት አልነበረም፤ ከዚህ ችሎት 20 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ፑብሊሲዩስ ማሌዎሉስ የተባለ ሰው እናቱን ገድሎ በጆንያ ተሰፍቶ ባሕር ተጥሎ ነበር።

ችሎቱ የተሰየመው በ80 ነው። ሰብሳቢው ፕሬቶሩ ማርኩስ ፋኒዩስ፣ ዳኞቹ የሴኔት አባላት ናቸው። ከረጅም ጊዜ በኋላ የሚታይ የመጀመሪያው የነፍስ ግድያ ክስ ስለ ነበረ አደባባዩ በሰው ተጨናነቀ። ከሳሹ ኤሩሲዩስ የሚባል በሙያው የታወቀ ሰው ነው፤ ማግኑስ ራሱ ሳያፍር ከከሳሹ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የተከሳሹ ታላላቅ ወዳጆችም መጥተዋል። ግን የሚናገር የለም። ለምን ቢባል፣ ስለዚህ ክስ የሚናገር ሰው ስለ ርስቱ መናገሩ አይቀርም፤ ስለ ርስቱ ከተናገረ ስለ ክሪሶጎኑስ መናገሩ ነው፤ ስለ ክሪሶጎኑስ መናገር ደግሞ ወደ ሱላ መጠጋት ነው። ታላቅ ሰው እንዲህ ያለውን ቢናገር እያንዳንዱ ቃሉ ይመነዘርበታል። ስለዚህ ስሙ ገና ያልታወቀ ሰው ተፈለገ። የተገኘውም የ26 ዓመት ወጣት ነበር፤ ማርኩስ ቱሊዩስ ሲሴሮ።

ኤሩሲዩስ ወጣቱን ሲያይ ደስ አለው። ሲሴሮ ራሱ እንደሚተርክልን፣ ከሳሹ ክሱን ሲያሰማ ዘና ብሎ ነበር፤ ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ አንዳንዴም አገልጋይ ልጅ ይጠራል፤ እራት ሊያዝዝ ይሆናል። መልስ የሚሰጠው ማን እንደ ሆነ ሲያይም እፎይ ብሎ ተቀመጠ። ሲሴሮ ግን በንግግሩ መካከል የክሪሶጎኑስን ስም ሲጠራ ሰውየው ካለበት ብድግ አለ። ሲሴሮ ደግሞ ጠራው። ወዲያው ሰዎች ከአደባባዩ እየተነሡ ሲሮጡ ታዩ፤ በዚህች ከተማ ስምህን በክፉ የሚያነሣ ሰው ተገኘ ብለው ለክሪሶጎኑስ ሊነግሩት ነው።

የኤሩሲዩስ ክስ በአጭሩ እንዲህ ነበር። አባትና ልጅ አይዋደዱም። አባትየው ሌላ ልጅ ነበረው፤ እሱን ሮማ ከጎኑ አስቀምጦ ይህኛውን ወደ ገጠር ገፋው። ያ የተወደደው ልጅ ሞተ። አባትየው ይህንን ከውርስ ሊነቅለው አሰበ። ስለዚህ ልጁ ቀደመው።

ሲሴሮ ይህን ክስ አንድ በአንድ ፈታው። ገጠር መላክ ቅጣት ነው ያለው ማን ነው? አባት 13 እርሻዎቹን ለልጁ አሳልፎ መስጠቱ ማመን ነው ወይስ መጥላት? ልጁ ግብዣ ላይ ታይቶ አያውቅም ብለህ ከሰስኸው፤ እንግዲያው አባካኝ አይደለም፤ ዕዳም የለበትም። በግድያው ሌሊት የነበረው አሜሪያ ነው፤ ይህንንም አልካድህም። በቅጥር ነፍሰ ገዳዮች አስገደለው ካልህ፣ እነማን ናቸው? የት አገኛቸው? በማን በኩል? ስንት ከፈለ? በዚህ ላይ ካፒቶል ላይ ስለሚጠበቁት ዝይዎችና ውሾች እያነሣ በከሳሹ አሾፈበት፤ ሌባ ሲመጣ ቢጮኹ ደግ፣ ነገር ግን በጠራራ ፀሐይ ለጸሎት በሚመጣ ሰው ላይ የሚጮኹትን ውሾች እግራቸውን መስበር ነው። ለሐሰተኛ ከሳሽ የሚገባው ደግሞ በግንባሩ ላይ የምትታተም አንዲት ፊደል እንደ ሆነች አስታወሰው።

አንድ ምሳሌም አምጥቷል፤ ለነገሩ እኛን ከሁሉ ያስገረመን እሱ ነው። በቴራሲና ከተማ ቲቱስ ክሎዌሊዩስ የሚባል ሰው ከሁለት ጎልማሳ ልጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ተኝቶ ሲያድር ጠዋት አንገቱ ታርዶ ተገኘ። ባሪያም ሆነ ሌላ ሰው የሚጠረጠር አልነበረም። ልጆቹ ተከሰሱ፤ ግን በነጻ ተለቀቁ። ለምን? በሩ ሲከፈት ተኝተው ስለ ተገኙ ነው! አባቱን ገድሎ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው አይኖርም ተባለ። ዛሬ ይህን የሚቀበል ዳኛ ይገኝ እንደ ሆነ እንጃ፤ ለሮማ ዳኞች ግን በቂ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሲሴሮ ዋናውን ጥያቄ ጣለ። ጥያቄው የእሱ አይደለም፤ በ127 ኮንሱል የነበረውና በጥብቅነቱ ተከሳሾች ሁሉ የሚፈሩት የዳኛው የሉሲዩስ ካሲዩስ ሎንጊኑስ ነው። ካሲዩስ በማንኛውም ክስ ላይ ደጋግሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ ከዚህ ነገር ማን ተጠቀመ? እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ መርማሪዎችና ጋዜጠኞች በላቲን ሁለት ቃላት የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው። እንግዲህ እንይ አለ ሲሴሮ፤ ልጁ ለማኝ ሆኖ በሰው ቤት ተጠግቷል፤ ማግኑስና ካፒቶ ደግሞ በሟቹ እርሻ ላይ ናቸው። ማግኑስ ቀድሞ ድኻ ነበር። ቀድሞም የሟቹ ጠላት ነበር። በዚያች ሌሊት ሮማ ነበር። የግድያውን ወሬ ያደረሰው የእሱ ሰው ነው። ወሬው የተነገረው ለሸሪኩ ነው።

ባሮቹስ? ልጁ ሁለቱ ባሮች ተመርመረው እንዲመሰክሩ በእነ ስኪፒዮና በእነ ሜቴሉስ ፊት ጠይቆ ነበር። (ምርመራ ሲባል መግረፍ ነው፤ በሮማ ሕግ የባሪያ ምስክርነት ያለ ስቃይ አይያዝም ነበር። የሮማ ፍትሕ ሲወደስ ይህችም አትረሳ።) እምቢ ያለው ማግኑስ ነው። ባሮቹ በዚያን ጊዜ ከክሪሶጎኑስ ቤት ነበሩ፤ በክብርም ተይዘዋል ይላል ሲሴሮ።

ሱላን በተመለከተ ጠበቃው የተጠቀመበት ብልሃት ለብቻው ይጠናል። ሱላ ምንም አያውቅም አለ። እንዴት ያውቃል? ዓለምን የሚያስተዳድር ዩፒተር እንኳ አውሎ ነፋስና ብርድ ሰው ሲጎዱ እያንዳንዱን አይከታተልም፤ ሱላም ብቻውን ይህን ሁሉ ሸክም ተሸክሞ የባለሟሉን እጅ እንዴት ይቁጠር? ውዳሴ ነው። ግን ቀስ ብላችሁ ስታነቡት ውዳሴ ብቻ አይደለም። ርስቱንም አልጠየቀም፤ እርሻውንም ዕቃውንም ውሰዱ፣ ነፍሱን ብቻ ተዉለት አለ።

ዳኞቹ ልጁን በነጻ ለቀቁት። ሲሴሮም በአንድ ቀን ታወቀ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ያማረ ነው፤ ክፉዎቹ ክፉ፣ የዋሁ የዋህ፣ ጠበቃው ጀግና። ነገር ግን ያነበብነው የአንድ ወገን ቃል ብቻ መሆኑን አንርሳ። የኤሩሲዩስ ንግግር ጠፍቷል። ማግኑስና ካፒቶ ምን ብለው እንደ መለሱ የጻፈ የለም። የሲሴሮም ንግግር በችሎት እንደ ተነገረ ሳይሆን በኋላ ለንባብ ሲዘጋጅ የተስተካከለ ነው፤ ክሪሶጎኑስ ላይ የተወረወሩት ከባድ ቃላት ሱላ ከሞተ በኋላ ተጨምረው ይሆናል ብለው የሚጠረጥሩ ሊቃውንት አሉ።

እኛም እንደ አቅማችን የምንጠረጥረው ነገር አለ። «ማን ተጠቀመ?» የሚለው ጥያቄ ግድያው ካለቀ በኋላ ያለውን ነው የሚያየው። ገዳይ ግን የሚያስበው ከግድያው በፊት ነው። በዚያች ሌሊት፣ ስለቱ ከመመዘዙ በፊት፣ የ13ቱ እርሻዎች ወራሽ ማን ነበር? ልጁ ነው። ማግኑስና ካፒቶ የሚጠቀሙት የሞተው ሰው ስም በተዘጋ ዝርዝር ውስጥ ከገባ ብቻ ነው፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ደግሞ ክሪሶጎኑስ ነው፤ ክሪሶጎኑስ ግን ወሬውን የሰማው በ4ኛው ቀን ነው። ሲሴሮም ቢሆን ክሪሶጎኑስን በግድያው አይከስሰውም፤ ክሱ የኤሩሲዩስ፣ ድፍረቱ የሁለቱ ሮሲዩሶች፣ ኃይሉ የክሪሶጎኑስ ነው ብሎ ነው የከፋፈለው። እንግዲያው ሁለቱ ዘመዳሞች ስምምነት ሳይኖራቸው በተስፋ ብቻ ሰው ገደሉ ማለት ነው? ወይስ ሌላ ሰው የገደለውን ሬሳ አይተው አጋጣሚውን ተጠቀሙበት? በዚያን ዘመን በሮማ ጨለማ ውስጥ ሰው ለመግደል ስምና ምክንያት የሚያስፈልግ አልነበረም።

የግላውሲያም ግልቢያ ሁለት መልክ አለው። ሲሴሮ እንደሚለው፣ ደሙ ሳይደርቅ፣ ከሬሳው የተነቀለውን ስለት ለጠላት ለማሳየት የተደረገ ነው። ጥሩ ሥዕል ነው። ግን የገደለ ሰው 83 ኪሎ ሜትር ጋልቦ፣ ጎሕ ሲቀድ ከተማ ገብቶ፣ ከማንም በፊት ማወቁን እንዲህ በገሃድ ያሳያል? ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ማንም እንደማይጠይቀው ያውቃል። በ81 የባለጊዜ ወዳጅ ለሆነ ሰው ሁለተኛው የሚያስገርም አይደለም።

ይሁን እንጂ ከሳሾቹን የሚያጋልጥ አንድ ነገር አለ፤ እሱም በክሱ ውስጥ ነው። አባትየው በእርግጥ በዝርዝሩ ላይ የነበረ ሰው ከሆነ፣ መገደሉ በሱላ አዋጅ ወንጀል አይደለም፤ ልጁም ቢሆን የገደለው፣ የሚገባው 2 ታለንት ነው እንጂ ጆንያ አይደለም። በዝርዝሩ ላይ ካልነበረ ደግሞ ርስቱ የተሸጠው በየትኛው ሕግ ነው? ክሱ እውነት ከሆነ ሽያጩ ሐሰት ነው፤ ሽያጩ እውነት ከሆነ ክስ የለም። ኤሩሲዩስ በዚያ ረጅም ክሱ ውስጥ ስለ ርስቱ ሽያጭ አንዲት ቃል ያልተናገረው ለዚህ ነው። ከሳሾቹ የተማመኑት በማስረጃ አልነበረም፤ ስለ ሽያጩ የሚናገር ጠበቃ አይገኝም በሚል ነበር።

የእኔን አስተያየት ለሚጠይቅ፣ ልጁ ነው ብዬ አላምንም። አባቱን ቢያስገድል ኖሮ ከሮማ የሚፈጥነው ፈረሰኛ ወደ እሱ ቤት ይመጣ ነበር። ማግኑስን እጠረጥራለሁ። ግን በሲሴሮ ቃል ብቻ ማግኑስን በጆንያ ስፉት ብባል እጄ ይንቀጠቀጣል።

ከችሎቱ በኋላ የሆነው ለብቻው ያከራክራል። በ79 ሲሴሮ ሮማን ትቶ ወደ ግሪክ ሄደ። ፕሉታርክ ሱላን ፈርቶ ነው ይላል። ሲሴሮ ራሱ ደግሞ ድምፁና ጤናው ስለ ታወከ ነው ይላል፤ ከዚያ ችሎት በኋላም ሮማ ተቀምጦ ሌሎች ጉዳዮችን ተከራክሯል። ሱላ በ78 በአልጋው ላይ ሞተ። ሲሴሮ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከ34 ዓመት በኋላ፣ በ46፣ ስለ ንግግር ጥበብ ሲጽፍ ያቺን የወጣትነት ንግግሩን አስታወሰ። በተለይ ስለ ጆንያው ቅጣት፣ አባቱን የገደለ ሰው ሰማይም ፀሐይም ውኃም ምድርም እንደሚነፈገው የተናገረበትን ክፍል፤ ሕዝቡ በጩኸት የተቀበለውን። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፣ ገና አልበሰልኩም ነበር አለ።

በ43 ሌላ ዝርዝር ወጣ፤ የአንቶኒዩስ፣ የኦክታቪያኑስና የሌፒዱስ። በዚያኛው ላይ ሲሴሮ ነበረበት። በታኅሣሥ 7 ቀን ተገደለ፤ ራሱና እጆቹ ይናገርበት በነበረው መድረክ ላይ ተሰቀሉ።

ንግግሩ ለረጅም ዘመን ተረስቶ ቆየ። በ1415 የጣልያኑ ሊቅ ፖጆ ብራቾሊኒ ፈረንሳይ አገር፣ ክሉኒ ገዳም ውስጥ ከአንድ አሮጌ ብራና ላይ አገኘው። ዛሬ የምናነበው ያ በመገኘቱ ነው። በንግግሩ ውስጥ ብዙ ሰው በስሙ ይጠራል፤ ከሳሹ፣ ባለሟሉ፣ ጋላቢው፣ ተከሳሹን ያስጠጋችው እመቤት። በዚያች ሌሊት በመታጠቢያ ቤቶቹ አጠገብ ገዳዩን በዓይናቸው ያዩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሲሴሮ የእነሱን ስም አልጻፈም።